ሶፍትዌሩ ተጭኗል፤ አድሚኑ ማን ነው?

ከጎንደር ወደ መተማ በሚወስደው መንገድ ላይ ያለችው አይከል የጭልጋ ወረዳ ዋና ከተማ ናት። እንደ ሌሎቹ የወረዳ ከተሞች ሁሉ የጽሕፈት ቤቶቿ፣ የጤና ተቋማቷና የነጋዴዎቿ መዝገብ ከዓመት ዓመት ከወረቀት ወደ ኮምፒውተር እየተሻገረ ነው። እንዲህ ባለ ከተማ መብራት ሄድ መጣ ባለ ቁጥር የሰርቨር ሀርድ ዲስክ ይጎዳል፤ በፍላሽ ቫይረስ ይገባል፤ አንድ ቀን ጠዋት ሲስተሙ አልነሳም ይላል። ባለሙያ ይጠራል፤ ሰርቨሩ ፎርማት ይደረግና ሶፍትዌሩ እንደገና ይጫናል። የመግቢያው ገጽ ስክሪኑ ላይ ሲመጣ ሁሉም እፎይ ይላል። ዋናው ችግር ግን ብዙ ጊዜ የሚጀምረው ከዚያ በኋላ ነው። የዋና አስተዳዳሪው፣ በየቢሮው አጠራር የአድሚኑ፣ ፓስወርድ አልቀበልም ይላል። ወይም ይቀበልና ውስጡ ባዶ ሆኖ ይገኛል። አለዚያም አድሚኑ ይገባል፤ ነገር ግን ለሌላ ሠራተኛ ዩዘር መክፈትም ሆነ ሪፖርት ማጽደቅ አይችልም።

ለዚህ ችግር በየመሥሪያ ቤቱ የሚሞከረው መፍትሔ ብዙ ቢመስልም ሲጠቃለል ከሦስት አይበልጥም። አንደኛው ሶፍትዌሩን አራግፎ ደግሞ መጫን ነው። ሁለተኛው መጀመሪያ የጫነውን ሰው በስልክ ማፈላለግ ነው። ሦስተኛው በኦፕሬቲንግ ሲስተሙ ወይም በዳታቤዙ በኩል ገብቶ ፓስወርዱን በጉልበት መቀየር ነው። ሦስቱም የሚሠሩበት ጊዜ አለ፤ ስለሚሠሩም ነው ተደጋግመው የሚሞከሩት። የዚህ ዳሰሳ መከራከሪያ ግን ሦስቱም ከችግሩ ሥር ሳይደርሱ ይመለሳሉ የሚል ነው። የአድሚን አካውንት ከሶፍትዌሩ ጋር አብሮ የሚጫን ዕቃ አይደለም። በአንድ በኩል የዳታው አካል ነው፤ ዳታው በሄደበት ይሄዳል። በሌላ በኩል የመሥሪያ ቤቱ ንብረት ነው፤ ያልተረከበው ሰው ሊያስረክበው አይችልም። ስለዚህ መፍትሔው ያለው በመጫኛው ፍላሽ ላይ ሳይሆን በባክአፑና በርክክብ ሰነዱ ላይ ነው፤ ሥራውም መጀመር ያለበት ከመጫኑ በፊት ነው።

ከቴክኒኩ እንነሳ። በአንድ ሰርቨር ላይ ‹አድሚን› የሚባለው ሰው አንድ አይደለም፤ ቢያንስ ሦስት ነው። የኦፕሬቲንግ ሲስተሙ አድሚን አለ፤ የዳታቤዙ አድሚን አለ፤ የራሱ የሶፍትዌሩ አድሚን አለ። ሦስቱ የሚቀመጡት በተለያየ ቦታ ስለሆነ ሰርቨሩ ሲታደስ የሦስቱም ዕጣ ለየቅል ነው። ዊንዶውስ ተጠቃሚን የሚያውቀው በስሙ ሳይሆን አካውንቱ ሲፈጠር በሚሰጠው መለያ ቁጥር ነው። ዊንዶውስ እንደ አዲስ ሲጫን መለያው ይለወጣል፤ ስሙም ፓስወርዱም አንድ ዓይነት ቢሆን እንኳ ማሽኑ የሚያየው ሌላ ሰው ነው። ከድሮው ዲስክ የተረፈ ፎልደር ሲከፈት በባለቤቱ ስም ፋንታ በ‹ኤስ-1-5-21› የሚጀምር ረጅም ቁጥር የሚመጣው ለዚህ ነው። ተራ ፎልደር ከሆነ ባለቤትነቱን ወደ አዲሱ አድሚን ማዞር ይቻላል። በዊንዶውስ ምስጠራ የተቆለፈ ፋይል ከሆነ ግን የምስጠራው ቁልፍ አስቀድሞ ተቀድቶ ካልተቀመጠ አድሚን መሆን ብቻውን አይከፍተውም። በአገራችን የንግድ ድርጅቶች ዘንድ የታወቀው ፒችትሪ ደግሞ በተቃራኒው ነው። የተጠቃሚዎቹ ፓስወርድ ከድርጅቱ የሒሳብ ዳታ ጋር አብሮ ስለሚቀመጥ ፕሮግራሙ አሥር ጊዜ ቢራገፍና ቢጫን ያው ዳታ እስከተከፈተ ድረስ ያንኑ ፓስወርድ ይጠይቃል። ሒሳብ ሠራተኛው ፓስወርዱን ረስቶ ሄዷል ተብሎ ፒችትሪን ማራገፍ ከድካም በቀር ትርፍ የለውም።

በዳታቤዝ ደረጃ ጉዳዩ ይበልጥ ረቂቅ ነው፤ ብዙ ሰው የሚሳሳተውም እዚህ ላይ ነው። የማይክሮሶፍት ኤስኪውኤል ሰርቨር ወደ ዳታቤዝ ሰርቨሩ የመግቢያውን ስምና በአንዱ ዳታቤዝ ውስጥ ያለውን ተጠቃሚ ለያይቶ ያስቀምጣል፤ ሁለቱን የሚያገናኛቸው መለያ ቁጥር ነው። ባክአፕ ወደ አዲስ ሰርቨር ሲመለስ ተጠቃሚው ከዳታቤዙ ጋር ይመጣል፤ የመግቢያው ስም ግን አይመጣም። ባለሙያው በዚያው ስም አዲስ መግቢያ ቢፈጥርም መለያ ቁጥሩ ስለማይገጥም ተጠቃሚው ወላጅ እንዳጣ ልጅ ይቀራል። መፍትሔው ሁለቱን በአንድ መስመር ትእዛዝ መልሶ ማገናኘት ነው፤ ደቂቃ አይፈጅም። ይህን ያላወቀ ግን ባክአፑ ተበላሽቷል ብሎ ይደመድምና የዓመታት መዝገብ ሊጥል ይችላል። በፖስትግሬስኪውኤልም ተመሳሳይ ወጥመድ አለ። ፒጂ ደምፕ የሚባለው የተለመደ የባክአፕ መሣሪያ የአንድን ዳታቤዝ ይዘት ይቀዳል እንጂ የዳታቤዝ ሰርቨሩን ተጠቃሚዎች አይቀዳም። እነሱን የሚቀዳው ፒጂ ደምፕ ኦል የተባለው ሌላ መሣሪያ ነው። በየቀኑ ባክአፕ እወስዳለሁ የሚል መሥሪያ ቤት ሰርቨሩ ሲወድቅ አካውንቶቹን አጥቶ የሚገኘው ባክአፕ ሳይወስድ ቀርቶ አይደለም፤ የወሰደው ግማሹን ስለሆነ ነው።

ለአይከል ቅርብ የሆነውን ምሳሌ ጠጋ ብለን እንየው። ጤና ሚኒስቴር የጤና መረጃን ለመሰብሰብ የሚጠቀምበት ዲኤችአይኤስ2 መነሻው ኖርዌይ የሚገኘው የኦስሎ ዩኒቨርሲቲ ነው፤ ዳታውን የሚያስቀምጠውም በዚሁ በፖስትግሬስኪውኤል ላይ ነው። ሶፍትዌሩ በባዶ ዳታቤዝ ላይ ሲነሳ አንድ አካውንት በራሱ ይፈጥራል፤ የተጠቃሚ ስሙ ‹አድሚን›፣ ፓስወርዱ ‹ዲስትሪክት› ነው። ይህ በይፋዊ መመሪያው የተጻፈ ስለሆነ ዓለም ሁሉ ያውቀዋል። ከዚህ ሁለት ቁም ነገር ይወጣል። አንደኛ፣ እንደገና በተጫነ ሰርቨር ላይ ይህ ፓስወርድ ከሠራ የምሥራች አይደለም። ሰርቨሩ የድሮውን ዳታ እንዳላገኘና ባዶ ቤት ውስጥ እንደገባን የሚነግረን ምልክት ነው። የወሩ ሪፖርት ደረሰ ተብሎ በዚያ ላይ መመዝገብ ከተጀመረ ኋላ አሮጌው ባክአፕ ሲገኝ ሁለቱን ማዋሐድ ከባድ ራስ ምታት ይሆናል። ሁለተኛ፣ የድሮው ዳታቤዝ በትክክል ከተመለሰ የድሮዎቹ ተጠቃሚዎች ከነፓስወርዳቸው አብረው ይመለሳሉ፤ አዲስ አድሚን መፈልሰፍ አያስፈልግም። ከዳታቤዙ ውጪ የሚቀር አንድ ነገር ግን አለ። በሶፍትዌሩ የማዋቀሪያ ፋይል ውስጥ የሚጻፍ ቢያንስ 24 ፊደል ያለው የምስጠራ ቁልፍ አለ፤ ምስጢራዊ ተብለው የተለዩ መረጃዎች የሚቆለፉት በእሱ ነው። ዳታቤዙ ተቀድቶ ይህ ፋይል ከተረሳ አድሚኑ ይገባል፤ የተመሰጠረውን መረጃ ግን ማንም መልሶ አያነበውም። አንዲት ትንሽ ፋይል ባክአፕ ውስጥ ባለመግባቷ የሚደርስ ጉዳት ነው።

የመግባት ችግር ሁሉ ደግሞ የፓስወርድ ችግር አይደለም። ሰርቨሩ መብራት በጠፋበት ጊዜ ሰዓቱን የሚጠብቅለት ማዘርቦርዱ ላይ ያለች ክብ ባትሪ ናት። ባትሪዋ ስታረጅ መብራት በሄደ ቁጥር የሰርቨሩ ሰዓት ዓመታት ወደ ኋላ ይመለሳል። የዊንዶውስ ዶሜይን መግቢያ የሚሠራበት ኬርበሮስ የተባለው ሥርዓት ደግሞ በሰርቨሩና በሌላው ኮምፒውተር መካከል በተለመደው አሠራሩ ከ5 ደቂቃ የበለጠ የሰዓት ልዩነት አይፈቅድም። ውጤቱ ትክክለኛ ፓስወርድ ያስገባ አድሚን በር ላይ መቅረቱ ነው። መድኃኒቱ ሰዓቱን ማስተካከልና ባትሪዋን መቀየር ሆኖ ሳለ ሰርቨሩ ፎርማት ከተደረገ፣ በእጅ ያለውን ጤነኛ ሥርዓት አፍርሶ እውነተኛ የአካውንት ችግር መፍጠር ይሆናል። ባክአፕም ዕድሜ አለው። የዶሜይኑን አካውንቶች የሚይዘው የዊንዶውስ አክቲቭ ዳይሬክተሪ ባክአፕ በተለመደው አሠራር ከ180 ቀን በላይ ከቆየ ለመመለስ አይታመንም። ዓምና የተወሰደ ባክአፕ መሳቢያ ውስጥ አለ ማለት ብቻውን ዋስትና የማይሆነው ለዚህ ነው። ከእነዚህ ምሳሌዎች አንድ ሕግ ይገኛል፤ ምርመራ ከመጫን ይቀድማል።

አሁን ወደ ሦስተኛው መንገድ፣ በጉልበት ወደ መክፈቱ፣ እንምጣ። እውነቱን ለመናገር መንገዱ ሕጋዊ መልክም አለው። ከ2008 እ.ኤ.አ. ስሪት ወዲህ ኤስኪውኤል ሰርቨር የዊንዶውስ አድሚኖችን ሁሉ በራሱ የዳታቤዝ አድሚን አያደርግም፤ ሲጫን በስም የተመረጠው ሰው ብቻ ነው ሥልጣን የሚይዘው። ያ ሰው ከጠፋ ግን ማይክሮሶፍት ራሱ ያስቀመጠው መውጫ አለ። ዳታቤዙን አንድ ተጠቃሚ ብቻ በሚያስገባ ሁኔታ አስነስቶ የማሽኑ አድሚን እንዲገባና አዲስ አካውንት እንዲሾም ያደርጋል። ማይኤስኪውኤልም የፈቃድ ሰንጠረዡን ሳያይ የሚነሳበት መንገድ አለው። እነዚህ መውጫዎች ሁለት ነገር ያስተምሩናል። አንደኛ፣ አድሚኑ ጠፋ ተብሎ ዳታ የሚጣልበት ምክንያት የለም። ሁለተኛ፣ ሰርቨሩ ባለበት ክፍል መግባት የቻለ ሰው በጊዜ ብዛት ያልተመሰጠረውን ሁሉ ሊከፍት ይችላል። ስለዚህ ሰርቨርን ሁሉም በሚመላለስበት ክፍል ጠረጴዛ ሥር አስቀምጦ ፓስወርድ ማጠንከር ልፋት ብቻ ነው። መክፈት መቻል ግን ፈቃድ ማግኘት አይደለም። የኮምፒውተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958/2008 ያለ ፈቃድ ወደ ኮምፒውተር ሥርዓት መግባትን ወንጀል ያደርጋል፤ የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ደግሞ የሰው የግል መረጃ የያዘ ተቋም ለደኅንነቱ ኃላፊ እንዲሆን ያስገድዳል። የታካሚ መዝገብ ያለበትን ሰርቨር በጉልበት የሚከፍት ባለሙያ ቢያንስ የኃላፊው ደብዳቤና የሥራው ቃለ ጉባኤ በእጁ ሊኖር ይገባል። ይህ ሰነድ ባለሙያውንም ይጠብቀዋል፤ ነገ ዳታ ጎደለ ቢባል ማን ፈቅዶ ማን እንደከፈተ የሚመሰክርለት እሱ ነው።

የጉዳዩ ሥር ግን ከዚህም ዝቅ ይላል። በመንግሥት መሥሪያ ቤት አንድ ሰርቨር ሲገዛ በሞዴል 19 ገቢ ይሆናል፤ ለሠራተኛው ሲሰጥ በሞዴል 22 ወጪ ይደረጋል። ሠራተኛው ሲዛወር ወይም ሲለቅ ወንበሩን፣ ካልኩሌተሩንና የመሳቢያ ቁልፉን ሳይቀር አስረክቦ ክሊራንስ ካላስፈረመ መልቀቂያ አይሰጠውም። በዚያ ሁሉ ቅጽ ላይ ግን የአድሚን አካውንት የሚባል መስመር የለም። ከወንበሩ ሺህ እጥፍ የሚበልጠው ንብረት በሰውየው አእምሮ፣ በግል ኢሜይሉና በግል ስልክ ቁጥሩ ተይዞ ይሄዳል። ቅያሬ በሚበዛበት የወረዳ መዋቅር፣ ያውም ባለፉት ዓመታት በጸጥታ ችግር ምክንያት ሠራተኞች ከቦታ ቦታ በተበተኑበት አካባቢ፣ ይህ ክፍተት አድሮ ቀውስ መፍጠሩ አይቀርም። የወረዳ ወይም የድሃ አገር ችግር ብቻ እንዳይመስለን አንድ ታሪክ እናስታውስ። በ2008 እ.ኤ.አ. ቴሪ ቻይልድስ የተባለ የሳን ፍራንሲስኮ ከተማ የኔትዎርክ ባለሙያ የከተማዋን ዋና ኔትዎርክ ፓስወርድ አልሰጥም ብሎ ታሰረ። ፓስወርዱን በመጨረሻ የሰጠው እስር ቤት ድረስ ለመጡት ከንቲባ ጋቪን ኒውሰም ነበር። በ2010 እ.ኤ.አ. የአራት ዓመት እስራት ተፈረደበት። የቴክኖሎጂ መናኸሪያ በሆነ አካባቢ ያለች ከተማ ቁልፏን በአንድ ሰው እጅ ጥላ ነበር፤ ያዳናት ቴክኒክ ሳይሆን የሕግ ሂደት ነው።

እዚህ ላይ አንድ ጠንካራ ተቃውሞ ይነሳል። ለምን ሁሉንም ነገር አዲስ አበባ ወይም ባሕር ዳር ባለ አንድ ማዕከል አናስቀምጥም? ወረዳ ላይ ሰርቨር ከሌለ የአድሚን ችግርም አይኖርም ይባላል። ክርክሩ ቁም ነገር አለው። ማዕከላዊ አሠራር በየወረዳው የሚደረገውን የመጫንና የማራገፍ ድካም ይቀንሳል፤ የተሻለ ባለሙያም ያገኛል። ነገር ግን ሁለት ነገር ይዘነጋል። የመጀመሪያው መስመር ነው። በ2015 ዓ.ም. ክረምት በአማራ ክልል የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ከታወጀ በኋላ የሞባይል ኢንተርኔት ለወራት ተቋርጦ ነበር። በእንዲህ ያለ ጊዜ ከሩቅ ሆኖ ፓስወርድ የሚያድስ ባለሙያ አይደረስበትም፤ በኢሜይል የሚላክ የማረጋገጫ ኮድም አይመጣም። ታካሚ ግን ኢንተርኔት እስኪመጣ አይጠብቅም። ሁለተኛው፣ ማዕከል ስህተትን አያጠፋም፤ ያሰፋዋል እንጂ። በመጋቢት 2016 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ንግድ ባንክ በሲስተሙ ላይ ባደረገው ማሻሻያ ሳቢያ በተፈጠረ ክፍተት ደንበኞች በአንድ ሌሊት ያልነበራቸውን ገንዘብ ወስደዋል፤ ባንኩ ራሱ የገለጸው መጠን ከ800 ሚሊዮን ብር በላይ ነበር። ያ የአድሚን ፓስወርድ ጉዳይ አልነበረም። ከማሻሻያ በኋላ ሥርዓቱን ለተጠቃሚ ከመክፈት በፊት ማን ምን ማድረግ እንደሚችል ማረጋገጥ ምን ያህል ዋጋ እንዳለው ግን ከዚህ የበለጠ ማስረጃ አይገኝም። ማዕከሉ ይኑር፤ የወረዳው ቁልፍ ግን ወረዳው ውስጥም ይኑር።

ሁለተኛው ተቃውሞ ከደኅንነት ባለሙያዎች ይመጣል። ፓስወርድ በወረቀት መጻፍ ክልክል ነው፤ ታሽጎ ቢቀመጥም አንድ ቀን ይሰረቃል ይላሉ። ስክሪን ላይ የሚለጠፍ ወረቀት ከሆነ ልክ ናቸው። በፖስታ ታሽጎ፣ ማህተም ተደርጎበትና ፊርማ አርፎበት በካዝና የሚቀመጥ ወረቀት ግን ሌላ ነገር ነው። ሙዳየ ምጽዋት በተለያዩ ሰዎች እጅ ባሉ ቁልፎች፣ ሁሉም ባሉበት እንደሚከፈት፣ ይህም ፖስታ ኃላፊውና የንብረት ወይም የኦዲት ሠራተኛው በተገኙበት ብቻ ሊከፈት ይችላል። ከተከፈተ መታወቁ አይቀርም፤ ሲታወቅ ፓስወርዱ ይቀየራል። ማይክሮሶፍትም በክላውድ አገልግሎቱ ለሚጠቀሙ ድርጅቶች ከዕለት ሥራ ውጪ ለክፉ ቀን ብቻ የሚቀመጡ ቢያንስ ሁለት የአድሚን አካውንቶች እንዲኖሩ ይመክራል። የአሜሪካ የደረጃዎችና የቴክኖሎጂ ተቋም ኒስት በ2017 እ.ኤ.አ. ባወጣው መመሪያ ደግሞ ፓስወርድን በየጊዜው በግዴታ ማስቀየርን ትቶ፣ የመጋለጥ ምልክት ሲታይ እንዲቀየር አድርጓል። በየወሩ ማስቀየር ሰውን ወደ ደካማ ፓስወርድ የሚገፋ ከሆነ፣ ረጅምና ጠንካራ ፓስወርድ አንድ ጊዜ መርጦ በአግባቡ ማሸግ የተሻለ ጥበቃ ነው። ሊፈራ የሚገባው ፓስወርዱ የተጻፈበት ወረቀት ሳይሆን ማን እንደያዘው የማይታወቅ ፓስወርድ ነው።

ሦስተኛው ተቃውሞ የአቅም ነው። በወረዳ ደረጃ ያለ አንድ የአይቲ ወይም የጤና መረጃ ባለሙያ የአታሚ ጥገናውንም፣ ኔትዎርኩንም፣ ሪፖርቱንም ብቻውን ይዞ ይህን ሁሉ ከየት ያምጣ? ጥያቄው ተገቢ ነው፤ ባለሙያውን ለመውቀስም ምክንያት የለኝም። መልሱ ግን የሚያስፈልገው ነገር አዲስ ዕቃ አለመሆኑ ነው። ፖስታ፣ ማህተምና ቃለ ጉባኤ በየትኛውም ጽሕፈት ቤት አሉ። የሚጎድለው እውቀት ከሆነ ቅርብ ነው። የጎንደር ዩኒቨርሲቲ በ1954 እ.ኤ.አ. የጤና ባለሙያ ማሠልጠኛ ሆኖ የተመሠረተ ሲሆን ዛሬ የጤና ኢንፎርማቲክስ ያስተምራል። በዳባት ከ1996 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የሕዝብን ጤና የሚከታተል የምርምር ማዕከል ይዟል። በደጋማው የጎንደር ገጠር ለአሥርተ ዓመታት መዝገብ መጠበቅ የቻለ ተቋም ከወረዳዎች ጋር ተስማምቶ በዓመት አንድ ወይም ሁለት ጊዜ ባክአፕ በባዶ ማሽን ላይ መልሶ የመሞከር ልምምድ ቢመራ ለተማሪዎቹም ትምህርት፣ ለወረዳዎቹም ዋስትና ይሆናል። ተመልሶ ያልተሞከረ ባክአፕ ባክአፕ ነው ማለት አይቻልምና።

ከዚህ ሁሉ የሚወጣው አሠራር ግልጽ ነው። ሰርቨሩ ሲወድቅ በመጀመሪያ ምንም አይነካም፤ ሰዓቱ፣ ዲስኩና ኔትዎርኩ ይታያሉ፤ ስክሪኑ ላይ የመጣው መልእክት ቃል በቃል ይጻፋል። ማደስ ግድ ከሆነ ከመደምሰሱ በፊት ዲስኩ እንዳለ ይቀዳል፤ ዳታቤዙ፣ የዳታቤዝ ተጠቃሚዎቹ፣ የማዋቀሪያ ፋይሎቹና የምስጠራ ቁልፎቹ መኖራቸው በዝርዝር ይረጋገጣል። የሶፍትዌሩ ስሪት ቁጥርም ይመዘገባል፤ በሌላ ስሪት ላይ የተመለሰ ዳታ ሳይነሳ ሊቀር ይችላልና። ከተጫነ በኋላ ፋብሪካው የሰጠው ፓስወርድ በዚያው ሰዓት ይቀየራል። የዕለት ሥራ በየሰው ስም በተከፈተ አካውንት ይሠራል እንጂ በአድሚኑ አይሠራም። አድሚኑ በመሥሪያ ቤቱ ኢሜይልና ስልክ ይመዘገባል፤ በጫኚው የግል ስልክ አይመዘገብም። ሥራው ተጠናቀቀ የሚባለውም የመግቢያው ገጽ ሲመጣ ሳይሆን ካልጫኑት ሰዎች አንዱ ከታሸገው ፖስታ ባገኘው ፓስወርድ ገብቶ የድሮውን መዝገብ ከፍቶ ሲያሳይ ነው። ፖስታው ከዚያ በአዲስ ፓስወርድ እንደገና ይታሸጋል።

ይህን ለማስፈጸም አዲስ አዋጅ መጠበቅ አያስፈልግም። የክልሉ ፋይናንስ ቢሮ፣ የጤና ቢሮውና የሲቪል ሰርቪስ ኮሚሽኑ በነባሩ የርክክብና የክሊራንስ ቅጽ ላይ አንድ መስመር ቢጨምሩ ይበቃል፤ የሲስተም ስም፣ የአድሚን አካውንት፣ የታሸገበት ቀን፣ የአስረካቢና የተረካቢ ፊርማ። ሶፍትዌር የሚያቀርቡ ድርጅቶች ክፍያ የሚጠናቀቅላቸውም ይህ ርክክብ ሲፈጸም ቢሆን ደንበኛን በፓስወርድ አስሮ የመያዝ ልማድ ይቀራል። የሰው ስም ያለበት የጤና፣ የግብርና የመሬት መዝገብ የጭልጋ ሕዝብ መዝገብ ነው። ቁልፉ የባለሙያው ወይም የሶፍትዌር አቅራቢው ሊሆን አይገባም፤ መሥሪያ ቤቱ በሕዝቡ ስም ሊይዘው፣ በስሙም ሊጠየቅበት ይገባል።